የኃይሌ ገሪማን ፊልሞች ከየት ልጀምር ለምትሉ

ሰው ሁሉ «ጤዛ»ን ቀድሞ ያያል። እኔ የምመክረው ግን ከ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እንድትጀምሩ ነው። በ1976 በፈረንጆቹ የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ስልካችሁን አርቁ። ድምፁን ቀንሱና ለጥቂት ደቂቃ ምስሉን ብቻ እዩ። ገበሬው ሲያርስ ካሜራው አይቸኩልም፤ ከሩቅ ቆሞ ይጠብቃል። ባለርስቱ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ትእዛዝ ያዥጎደጉዳል። ማን ይቀመጣል? ማን ቆሞ ይታዘዛል? ይህን ብቻ ብትከታተሉ ስለ ጭሰኝነት የሚለው ይገባችኋል። ይሰለቻል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ድካሙ እንዲሰማችሁ ነው የሚያዘገመው።

ከዚያ ድምፁን መልሱና ከመጀመሪያው እዩት።

ቀጥሎ «ሳንኮፋ» (1993)። ጋና ባሕር ዳርቻ ካለው የባሪያ ምሽግ ተነስቶ ወደ ኋላ ይወስዳችኋል። ትልልቅ አከፋፋዮች ስላልያዙት ፕሮፌሰር ኃይሌ ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ነበር የሚያሳዩት። የራሴን ፊልም እሠራለሁ የምትል ከሆነ ከካሜራ በፊት ይህን አጥና።

«ጤዛ»ን (2008) ስታዩ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ታሪኩ በጀርመን፣ በአዲስ አበባና በጣና ዳር መንደር መካከል ይዘላል፤ ሕልምም ይገባበታል። ቦታው በተቀየረ ቁጥር ጻፉ፣ አለበለዚያ ትጠፋላችሁ። በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት ያገኘው ይኼው ነው።

ዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ፕሮፌሰር ኃይሌ ለዓመታት ካስተማሩበት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ «ሳንኮፋ» የሚባል የቤተሰቡ መጻሕፍት ቤት አለ። ቡናም አለው።