ከራስ ተማክሮ ሰው ዘንድ መሄድ

አንድ ነገር ሲከነክነኝ መጀመሪያ የማነሳው ደብተር ነው፤ ስልኩ ይቆያል። አባታችን ከታመመ ወዲህ ሁሉም ነገር እኔ ላይ ወድቆ ነበርና የመጀመሪያው ቀን ገጽ በወንድሜ ላይ ባለኝ ንዴት ተሞላ። ስጽፍ ስቆይ ንዴቱ ቀለለና አንዲት መስመር ወጣች፦ «ሐሙስ ሐሙስ አባቴን ሐኪም ቤት የሚያደርስልኝ ሰው እፈልጋለሁ።» ለሰው የሚነገረው ይሄ ነው።

ምን ያህል እንደምትጽፉ ካላወቃችሁ በ15 ደቂቃ ጀምሩ፤ ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ ስለ ፊደል ግድፈት ሳትጨነቁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔንቤከር ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን ያስጻፈው በዚሁ ልክ ነው። የደረሰባቸውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ለሕክምና መመላለሳቸው ቀንሷል። ልክ ጽፈው ሲጨርሱ ግን ስሜታቸው ይብስ ነበር፤ ስለዚህ ደብተሩን እንደዘጋችሁ ለማንም አትደውሉ።

ያው ዓረፍተ ነገር ተመልሶ ተመልሶ ከመጣ ጽሑፉን አቁሙ። ያ ማብሰልሰል ነው፤ የከፋውን ስሜት ያራዝማል፣ መላ መፈለጊያውንም አቅም ያዳክማል። አሁን የሰው ተራ ነው።

የትኛው ሰው? አብሯችሁ የሚናደደውን ወዳጅ ለጊዜው ተዉት። ደስ ይላል፣ አውቃለሁ፤ ግን ለሁለት ማብሰልሰል ነው። በዚያው መንገድ ያለፈ ሰው ይሻላል፣ እምብዛም ባትቀራረቡም።

«እርዳኝ» ብቻ ማለት ሰውን ያስጨንቃል። ቀኑንና ሰዓቱን ንገሩት፣ እምቢ የሚልበትንም በር ክፈቱለት። እኔ ለጎረቤቴ የላክሁት መልእክት ይህ ነበር፦ «ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አባቴን ሐኪም ቤት ልታደርስልኝ ትችላለህ? ካልተመቸህ ግድ የለም፣ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ።» የምትፈልጉት ሰሚ ጆሮ ብቻ ከሆነ ደግሞ ወሬው ሳይጀመር ተናገሩ፤ አለበለዚያ ምክር ይዘንብባችኋል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ አብዛኛውን ቀን፣ ልባችሁ ከከበደ ወይም ምንም ነገር ደስ ካላሰኛችሁ ግን ደብተሩም ጎረቤቱም አይበቃም፤ ባለሙያ ጋ ሂዱ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ሂዱ።

የተሰጣችሁን ምክር በማግስቱ ደብተሩ ላይ አስፍሩትና ከራሳችሁ መስመር ጋር አስተያዩት። የማልቀበለውን ምክር የሰጠኝንም ሰው አመሰግናለሁ፤ ለምን እንዳልተቀበልኩት ግን አላስረዳም።