«ቱርቦው ሞቷል» ከመባላችሁ በፊት፦ ከሲቪክ ታይፕ አር ወደ ጎልፍ ጂቲአይ ለተሻገረ ሰው ችግርና መፍትሄ

ለአምስት ዓመት የነዳኋት መኪና ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር ነበረች። ኢፒ3 የምትባለዋ፣ እዚሁ እንግሊዝ ስዊንደን ውስጥ የተሠራችው። የማርሽ ዘንጓ ከወለሉ ሳይሆን ከዳሽቦርዱ ነው የሚወጣው። ከሸጥኳት በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ እጄ ዳሽቦርድ ሲዳብስ ከረመ።

በሷ ፈንታ የገዛኋት ጎልፍ ጂቲአይ ማርክ 5 ናት፤ ባለ 2 ሊትር፣ ባለ ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚገፋ መንፊያ)። በወረቀት ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው። ሁለቱም 200 የፈረስ ጉልበት፣ ሁለቱም ባለ ስድስት ማርሽ፣ ሁለቱም በፊት ጎማ የሚጎተቱ። መንገድ ላይ ሲወጡ ግን አንዷ ፍየል፣ አንዷ በሬ ናት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ብልሽት ከመሰለኝ ነገር ግማሹ ብልሽት አልነበረም። ዋናው አደጋ ደግሞ ድምፅም መብራትም አልነበረውም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ለንደን ብንኖርም ጋራዥ ውስጥ የምናወራው በአዲስ አበባ ጋራዥ አማርኛ ነው። ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚለኩሰው)፣ ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው)፣ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ)፣ ሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር) እያልኩ ነው የምቀጥለው።

«ከታች ትስባለች፣ ከላይ ትሞታለች»

ሆንዳዋ በደቂቃ 5800 ዙር ገደማ ላይ ሌላ መኪና ትሆናለች። ቪቴኩ (በከፍተኛ ዙር ቫልቮቹን ይበልጥ የሚከፍተው ዘዴ) ሲገባ ድምፁ ይለወጣል፤ ጉልበቷ ጫፍ የሚደርሰው 7400 ላይ ነው። እግር ይህን ይለምዳል። ማርሽ አትቀይር፣ ጠብቅ፣ ትንሽ ጠብቅ። ጎልፏን በዚህ አመል ስትነዷት 6000 አካባቢ ትንፋሽ ያጥራታል። እኔ ቤንዚን ፖምፓው የደከመ መስሎኝ ነበር።

የደከመ ነገር የለም። ቱርቦዋ ትንሽ ስለሆነች ቶሎ ትነቃለች፤ 280 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይሏን ከ1800 ዙር ጀምሮ ሰጥታ እስከ 5000 ትይዘዋለች። ከዚያ በላይ ለሞተሩ የሚበቃ አየር መግፋት አትችልም። ሆንዳዋ 5900 ላይ ወጥታ የምትሰጠው 196 ነበር። ስለዚህ 6000 አካባቢ ማርሽ ቀይሩ። ከዚያ በላይ የምታገኙት ጩኸት ብቻ ነው።

የተገላቢጦሹ ስህተትም አለ። «ከታች ጉልበት አላት» ተብሎ ስድስተኛ ላይ፣ 1300 ዙር ላይ ሆኖ ፔዳሉን እስከ ወለሉ መርገጥ። ሞተሩን ከውስጥ የሚደበድበው ይሄ ነው። ወደ አራተኛ ወርዳችሁ እርገጡ። ቤንዚኑም ሱፐሩ ይሁን፤ ጂቲአይ የተስተካከለችው በ98 ኦክቴን ነው። በ95 ትሄዳለች፣ ግን ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለመጠበቅ ጉልበት ይቀንስባታል።

«ድንገት ደከመች፤ ስትረገጥ ትነፋለች»

ይሄኛው እውነተኛ ብልሽት ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘረፍበትም እዚህ ላይ ነው።

ኤም25 (ለንደንን የሚዞረው አውራ ጎዳና) ላይ አንድ ትልቅ መኪና ልቀድም ሦስተኛ አስገብቼ ረገጥኩ። «ፉፉፉ» የሚል የትንፋሽ ድምፅ ሰማሁ፤ መኪናዋ ግን አልተነሳችም። የሞተር መብራት በራ። በማግስቱ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ መመርመሪያውን ሰካ፣ ፒ0299 የሚል ኮድ አገኘና ቀና ብሎ «ቱርቦው ሞቷል» አለኝ። የጠራው ዋጋ መኪናዋን ከገዛሁበት ግማሽ ይሆናል።

ሳልስማማ ወጥቼ አንድ የማውቃቸው አዛውንት መካኒክ ጋ ሄድኩ። አዲስ አበባ ነው ሙያውን የተማሩት።

«ጋሼ፣ ቱርቦው ሞቷል አሉኝ።»

«ማን አየው ሲሞት? ልጄ፣ ኮዱ ግፊት አነሰ ነው ያለህ። ማን እንዳሳነሰው አልነገረህም።»

ከሆንዳ ለመጣ ሰው ዋናው ትምህርት ይህች ናት። ሆንዳዋ አየሯን ራሷ ነው የምትስበው። በቱርቦ መኪና ግን አየሩ በግፊት ይላካል፤ ከቱርቦው ወጥቶ በማኒኮቶ (ወፍራም የአየር ቱቦ) ወደ ኢንተርኩለር (አየሩን ወደሚያቀዘቅዘው) ይሄዳል፣ ከዚያ በሌላ ማኒኮቶ ወደ ሞተሩ። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ አንድ የላላ ፋሼታ ካለ ግፊቱ ውጭ ይቀራል። ሚኒሞ ላይ ደግሞ ግፊት ስለሌለ መኪናዋ ጤነኛ ትመስላለች። ቆማ የማታሳየውን ችግር ስትረገጥ ነው የምታሳየው። ኮፈን ከፍቶ ቆሞ ማዳመጥ እዚህ ላይ አይረዳም።

ፍተሻው ከርካሹ ይጀምር። መጀመሪያ ማኒኮቶዎቹን በእጅ ዳብሱ። ትንሽ የዘይት ወዝ ከውስጥ መኖሩ የተለመደ ነው። ከውጭ፣ ፋሼታው አጠገብ፣ አቧራ የያዘ እርጥብ ዘይት ካገኛችሁ አየሩ የሚያመልጠው በዚያ ነው። ካልተገኘ የጭስ ፍተሻ ያለው ጋራዥ ፈልጉ። በአየር ማስገቢያው ጭስ ይነፉበታል፤ ጭሱ የወጣበት ቦታ ጥፋተኛው ነው።

የኔ ጥፋተኛ የተገኘው ከቱርቦው ሥር፣ በሦስት ቡሎን የታሰረች ዳይቨርተር ቫልቭ ላይ ነው። ሥራዋ ቀላል ነው። እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሱ መንገድ የተዘጋበትን የታመቀ አየር ወደ ቱርቦው መግቢያ ትመልሰዋለች። በድሮው ዓይነት ውስጥ ያለው የላስቲክ ሽፋን በሙቀትና በዕድሜ ይቀደዳል። ከተቀደደ ደግሞ ስትረግጡም አየሩን ትመልሰዋለች። ቱርቦው ይገፋል፣ ቫልቯ ትመልሳለች፤ ቀዳዳ ባልዲ መሙላት በሉት። ጋሼ ፈትተው ሲያሳዩኝ ላስቲኩ ዳር ላይ እንደ ጨረቃ ግማሽ ተሰንጥቋል። በጣታቸው ገፋ ሲያደርጉት ከንፈር ከፈተ።

ስትገዙ በላስቲክ ፋንታ ፒስተን ያለበትን፣ በኋላ የወጣውን ዓይነት ጠይቁ። እኔ ለዕቃውም ለእጅም የከፈልኩት የአንድ ሙሉ ታንክ ቤንዚን ዋጋ አካባቢ ነው። ቱርቦው እስከ ዛሬ ያው ነው።

ቱርቦ አይሞትም አላልኩም። አየር ማስገቢያው ሲወልቅ ዘንጉን በጣት ነካክታችሁ ምላጮቹ ግድግዳውን የሚነኩ ከሆነ፣ ወይም እንደ ሳይረን የሚያለቅስ ድምፅ ካለ፣ እሱ ቱርቦ ነው። ግን መጨረሻ የሚጠረጠረው እሱ ይሁን።

«ሚኒሞ ላይ ትንቀጠቀጣለች»

ሦስት ተጠርጣሪ አለ።

የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ቦቢና ይሆናል። ኮዱ ለምሳሌ ፒ0302 ካለ ሁለተኛው ሲሊንደር አይተኩስም ማለት ነው። አዲስ ዕቃ ሳትገዙ የሁለተኛውን ቦቢና ከሦስተኛው ጋር አቀያይሩ። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከሄደ ቦቢናው ነው። እዚያው ከቀረ ካንዴላውን እዩ። መብራቱ ብልጭ እያለ ግን ሩቅ አትንዱ፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ማርሚታ ውስጥ ገብቶ ካታሊስቱን (የጭስ ማጣሪያውን) ያቃጥለዋል።

ፉጨት ካለበት፣ ወይም ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑ ተመጥጦ አልነሳ ካለ፣ ሞተሩ አናት ላይ ያለው ፒሲቪ ቫልቭ ውስጡ ተቀዷል። የሞተሩን የውስጥ ትንፋሽ የሚያስተናግደው እሱ ነው። ይቀየራል፣ አለቀ።

ሦስተኛው ጥቀርሻ ነው። ሆንዳዋ ቤንዚኑን የምትረጨው ከመግቢያ ቫልቮቹ በስተጀርባ ስለሆነ ቤንዚኑ እየታጠበባቸው ያልፋል። ጎልፏ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ነው የምትረጨው። ስለዚህ ቫልቮቹ ታጥበው አያውቁም፤ የዘይት ጭስ ብቻ ሲያልፍባቸው ይኖራል። ከዓመታት በኋላ እንደ ድስት ቂጥ ይጠቁራሉ። ጠዋት በብርድ ስትነሳ አንድ ደቂቃ ተንቀጥቅጣ ከዚያ የምትረጋጋ ከሆነ እሱን ጠርጥሩ። ቤንዚን ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ አይረዳም፤ ቤንዚኑ እዚያ አይደርስማ! መግቢያው ተፈትቶ በተፈጨ የዋልነት ቅርፊት በአየር ግፊት ይጠረጋል። ቅርፊቱ ጥቀርሻውን ይፍቃል፣ ብረቱን አይጎዳም።

ምልክት የሌለው፦ የካም ፎሎወር

መኪናዋን በገዛችሁበት ሳምንት አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ።

ከፍተኛ ግፊት ያለውን የቤንዚን ፖምፓ የሚያንቀሳቅሰው ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ባጭሩ ካሙ) ነው። በሁለቱ መሃል ቆርኪ የምታህል፣ ግን ጠለቅ ያለች የብረት ቆብ አለች፤ ካም ፎሎወር የሚሏት እሷን ነው። ካሙ በየዙሩ ይፈትጋታል። ስትሳሳ አትናገርም። ስትበሳ የፖምፓው ዘንግ በቀዳዳው አልፎ ካሙን ይቦረቡራል፤ የብረት ብናኙ ዘይት ውስጥ ይገባል። ያኔ ጉልበት ስትረግጡ ይቆራረጣል፣ የቤንዚን ግፊት አነሰ የሚል ኮድ ይመጣል። ግን ረፍዷል።

ፖምፓው በሦስት ባለ ኮከብ ቡሎን ነው የታሰረው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ ሌሊቱን ያደረ ይሁን። መስመሩ ውስጥ ግፊት ሊቀር ስለሚችል ጨርቅ አልብሳችሁ በቀስታ አላሉት፤ መነጽር አድርጉ። ሲጋራ አጠገቡ አይድረስ። ለራሳችሁ ካልተማመናችሁ ለመካኒክ የአጭር ጊዜ ሥራ ነው።

ቆቧን አውጥታችሁ ፊቷን እዩ። ሁሉ ቦታ ጥቁር ቀለሟ ካለ መልሷት። መሃሏ ላይ ቀለሙ ለቆ ብር የመሰለ ክብ ከታየ በአዲስ ቀይሩ። የኔ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ነበረች፤ መሃሏ እንደ ሰሃን ጎድጉዷል፣ በጥፍሬ ጠርዙን ሳስሰው ይይዘኛል። የቀድሞው ባለቤት አንድም ቀን አልከፈታትም። አሁን በየ15 ሺህ ማይሉ አያታለሁ። ዋጋዋ ከአንድ ጥሩ እራት አይበልጥም።

ይህ የማርክ 5ቱ፣ ኢኤ113 የሚባለው ሞተር ጣጣ ነው። መደበኛ ማርክ 6 ጂቲአይ ያለው ሰው ኢኤ888 ስላለው ይህን ይተወው፤ እሱ ግን ካምሻፍቱን የሚያዞረውን የካቴናውን (የሰንሰለቱን) መወጠሪያ ይፈትሽ። ከ2012 በፊት በነበሩት ላይ መወጠሪያው ሲለቅ ካቴናው ይዘላል፣ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ማርክ 5ቷ ደግሞ እንደ ሆንዳዋ ካቴና ሳይሆን ቺንጋ (የላስቲክ ቀበቶ) ነው ያላት። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ደረሰኝ የማያሳይ ሻጭ «ተቀይሯል» ቢላችሁ አልተቀየረም ብላችሁ ዋጋ ቁረጡ።

«ዝናብ ላይ ጎማው ይዞራል፣ መሪው ይጎትታል»

ብልሽት ላይሆን ይችላል። 280 ኒውተን ሜትር በ1800 ዙር ሁለት የፊት ጎማዎች ላይ ሲወድቅ ሁለተኛ ማርሽ ላይ መንሸራተት ይመጣል። ሆንዳዋ ጉልበቷን ቀስ አድርጋ ስለምታወጣ ይህን አታውቁትም። ፊት ለፊት ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ ጥሩ ጎማ ይሁን፤ ንፋሱን ለኩ። እርጥብ መንገድ ላይ ከመታጠፊያ ስትወጡ ሁለተኛውን ትታችሁ ሦስተኛ አስገቡ። በቂ ነው።

ከዚህ አልፎ ከተንሸራተተች ሻጩ ያልነገራችሁ ሪማፕ (ጉልበት ለመጨመር የተቀየረ የሞተር ኮምፒውተር ፕሮግራም) ሊኖር ይችላል። ሪማፕ መጥፎ ነው አልልም። እንግሊዝ ውስጥ ግን ለኢንሹራንሱ ካልተነገረ አደጋ በደረሰ ቀን ካሳውን ሊከለክሏችሁ ይችላሉ። የሰሌዳ ቁጥሯን መንግሥት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ የኤምኦቲ (የዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ) ታሪኳንም በነፃ አንብቡ። በየዓመቱ ያለቀ የፊት ጎማ የተጻፈባት መኪና እንዴት እንደተነዳች ራሷ ትናገራለች።

በአጭሩ የሚታለፉ

ዘይት ትጠጣለች? መመሪያ መጽሐፉ በ1000 ኪሎ ሜትር እስከ ግማሽ ሊትር ይፈቅዳል። በየሁለት ሳምንቱ የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥታችሁ እዩ፤ ትክክለኛው ዘይት የፎልክስዋገን ደረጃ 502 00 ወይም 504 00 የተጻፈበት ነው። ሰማያዊ ጭስ ካለ ከቱርቦው በፊት ፒሲቪውን ጠይቁ። ዲኤስጂ ካምቢዮ (ራሱ ማርሽ የሚቀይር) ያላት ከሆነችና ስትነሳ የምትንገጫገጭ ከሆነ፣ ዘይቱ በየ40 ሺህ ማይል ከነፊልትሮው መቀየሩን አረጋግጡ።

«ጠፍታም ታጉረመርማለች»

ሞቃት ቀን ነድታችሁ መጥታችሁ ቁልፉን ነቀላችሁ። ከኮፈኑ ሥር «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ይቀጥላል። እኔ ባትሪው ሊያልቅ ነው ብዬ በካልሲ ወጥቼ ኮፈን ከፍቻለሁ።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የቱርቦውን ሙቀት ለማውጣት ውሃ የምታዞር ትንሽ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ናት። አንዳንዴ ማራገቢያውም አብሮ ይሠራል። በሩን ቆልፋችሁ ግቡ፤ ራሷ ታቆማለች።