ጋሼን ግድግዳ ላይ መለጠፍ፦ የዳክት ቴፕ ውድድር ችግርና መፍትሄ

ተለጥፌ አውቃለሁ። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የወጣቶች ሰመር ካምፕ ላይ ስድስት ልጆች ሁለት ጥቅል ቴፕ ይዘው ግድግዳ ላይ ጠፈሩኝ። የቆምኩበትን ሳጥን ሲስቡት አየር ላይ ቀረሁ። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። እኔም ከልቤ እስቃለሁ። ከዚያ አፍንጫዬን በላኝ። ማከክ አልችልም። ያኔ ነው «ለመሆኑ መቀሱ የት ነው?» ብዬ የጠየቅሁት። ማንም አላሰበበትም። አንዱ ልጅ ወጥ ቤት ሮጦ የሽንኩርት ቢላ ይዞልኝ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ጨዋታውን ራሴ እመራለሁ። የማዘጋጀው ግን ከመጨረሻው ነው፤ መጀመሪያ አፈታቱን፣ ቀጥሎ አለጣጠፉን።

ለማታውቁት፦ አሜሪካ ውስጥ የወጣት ቡድኖች የሚወዱት ቀልድ ነው። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ሰው ሳጥን ላይ ያቆምና ግድግዳው ላይ በዳክት ቴፕ ይለጥፈዋል። ዳክት ቴፕ ያ ግራጫ፣ ወፍራም፣ ውስጡ ጨርቅ ያለው ነው፤ አገር ቤት በደፈናው ፕላስተር እንለዋለን። ሳጥኑ ይወሰዳል። ብዙ የቆየው ያሸንፋል።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት መቀስ ይኑራችሁ። ነርሶች ፋሻ የሚቆርጡበት፣ ጫፉ የማይወጋው ዓይነት። እኛ ማኅበር ውስጥ ነርስ የሆነች እናት ስለማትጠፋ መቀሱም አይጠፋም። ያዦቹ አንገታቸው ላይ ያንጠልጥሉት። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መቀስ በተፈለገበት ሰዓት አይገኝም። ቢላና የካርቶን መቁረጫ ምላጭ ክልክል ነው።

መሳቅ አቆመ

ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን ነው። ሲንከተከት የነበረው ሰው ድንገት ዝም ይላል። ወይም ሲያወሩት በአንድ ቃል ይመልሳል።

ችግሩ ደረቱ ላይ ነው። ስንተነፍስ ጎድናችን ይሰፋል፣ ሆዳችንም ይገፋል። ልጆቹ ቴፑን የሚያጠብቁት ደግሞ እሱ ሲስቅ፣ አየሩን ሲያወጣ ነው። ቀጥሎ አየር ሊያስገባ ሲል ደረቱ የሚሰፋበት ቦታ የለም። በቴፑ ውስጥ ያለው የጨርቅ መረብ እንደ ላስቲክ አይለጠጥም። ሌላው ነገር፣ አንድ ንብርብር ቴፕ በእጅ ይቀደዳል። ልጆቹም ይህን ስለሚያውቁ «ካስፈለገ እንቀደዋለን» ይላሉ። አራት ንብርብር ሲሆን ግን ጉልበተኛም በቀላሉ አይቀደውም።

ስለዚህ ሆድ ላይ ቴፕ የለም። ደረት ላይ ከብብት እስከ ብብት አንድ መስመር ብቻ፣ እሱም አየር ሞልቶ ባስገባበት ሰዓት። ክብደቱን ዳሌና ጭን ይሸከሙት። ከትከሻ በላይ ምንም አይለጠፍም፤ አንገት፣ አፍ፣ አፍንጫ፣ ዓይን አይነካም። «ለፎቶ ብቻ አፉን» የሚል አይጠፋም። አትስሙት።

መፈተኛዬ ቀላል ነው። በየግማሽ ደቂቃው ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ በአንድ ትንፋሽ እንዲጠራ አደርጋለሁ። አባቱ ስም ላይ ከቆመ ይቆረጣል። ክርክር የለም፣ ሰዓት የለም። መጀመሪያ የደረቱ ቴፕ፣ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ደግፈውት። ከተፈታ በኋላም ትንፋሹ ካልተመለሰ ወዲያው 911፣ የአሜሪካ የድንገተኛ አደጋ ስልክ።

አስም ያለበት ሰው አይለጠፍም። ሌላውን ሊለጥፍ ይችላል፣ ዳኛ ሊሆን ይችላል፣ ቴፕ ሊያቀብል ይችላል።

ከላይ ተላጠና ወደ ፊት መጣ

ቴፕ ወደ ታች ሲጎትቱት ጎበዝ ነው፤ ከጫፉ ሲልጡት ሰነፍ ነው። የሰውየው ትከሻ ከግድግዳው ትንሽ ሲርቅ የላይኛው ቴፕ ከጫፉ መላጥ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰከንድም አይፈጅ። ሰውየው እጁ ታስሯል፣ ስለዚህ በፊቱ ነው የሚወድቀው።

ይህ የፈሪ ወሬ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ጓደኞቹ በዳክት ቴፕ የጠቀለሉት የ14 ዓመት ልጅ ከቆመበት ወድቆ ጭንቅላቱን የመስኮት ጠርዝ መታው። ጉዳቱ ከባድ ነበር። ልብ በሉ፣ ልጁ ግድግዳ ላይ እንኳ አልተለጠፈም፤ መሬት ላይ ነበር የቆመው። ቁመቱ ብቻ በቂ ነው።

መፍትሄው ብዙ ነው፣ ሁሉም ያስፈልጋል። ከእግሩ እስከ ፍራሹ ከአንድ ስንዝር አይበልጥ። ፍራሹ ወፍራም ይሁን፣ ከፊት ለፊቱ አንድ ሰው ሙሉ የሚያስተኛ። አንድ እጁ ከትከሻ እስከ ጣት ነጻ ይሁን። ለአፍንጫውም ይጠቅመዋል፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለት ጉልበት ያላቸው ሰዎች ግራና ቀኝ በክንድ ርቀት ይቁሙ፣ ስልክ ሳይዙ። ዙሪያው ላይ የጠረጴዛ ጠርዝ፣ ወንበር፣ መስኮት አይኑር። እግሮቹንም አንድ ላይ አትጠቅልሉ፤ እያንዳንዱን ለየብቻ ለጥፉት። ቢወርድም ቢያንስ መራመድ ይችላል።

ጫፉ እንዳይላጥ ደግሞ ቴፑ ከሰውነቱ ግራና ቀኝ ክንድ ክንድ ያህል ግድግዳው ላይ ይረፍ። በመዳፍ አጥብቃችሁ እሹት። የዚህ ቴፕ ሙጫ የሚይዘው ሲጫኑት ነው።

ቀስ እያለ ይንሸራተታል

መንሸራተቱ አይቀርም። ሙጫው ለስላሳ ስለሆነ ክብደት ሲበዛበት ይሳባል፣ ሲሞቅ ይብስበታል። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሲሞላ ይሞቃል። ከልብሱ ጋርም የተያያዘ ነው፤ ናይለን ጃኬት የለበሰ ሰው ጃኬቱ ግድግዳው ላይ ቀርቶ እሱ ከውስጡ ይንሸራተታል። ልኩ የሆነ ወፍራም የጥጥ ሹራብና ቱታ ይሻላል።

አደጋው ታች አይደለም፣ ላይ ነው። ሰውየው ሲወርድ የደረቱ ቴፕ ባለበት ይቀራል። ማለትም ወደ አንገቱ ይጠጋል። እኔ ከአናቱ በላይ ትንሽ ቴፕ ለጥፌ ምልክት አደርጋለሁ። አራት ጣት ያህል ከወረደ ተሸንፏል፣ ይፈታል። ደስ የሚለው፣ እንዲህ ሲሆን ፍርዱም ግልጽ ይሆናል፤ «አልወደቀም እኮ!» የሚል ጭቅጭቅ የለም።

«ራሴን አዞረኝ»

ስንራመድ የባታችን ጡንቻ ደምን ወደ ላይ ይገፋል። የታሰረ እግር አይገፋም፤ ደሙ ታች ይጠራቀማል። ሰውየው ይነጣል፣ ያልበዋል፣ ያዛጋል።

እኛ ዘንድ ሌላም ምክንያት አለ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ የልጆቹ ሰመር ካምፕም ብዙ ጊዜ ያን ሰሞን ነው። ጾመኛው ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልቀመሰም። እንዲህ ያለው ሰው አይለጠፍ፣ ወይም ጨዋታው ከምግብ በኋላ ይሁን። ቀድማችሁ ጠይቁት፤ «ጾም ላይ ነኝ» ብሎ ራሱ አይናገርም።

የእኔ ገደብ አምስት ደቂቃ ነው። እስከዚያ የቆየ ሁሉ አሸናፊ ነው። ያዞረውን ፍቱና ፍራሹ ላይ አጋድሙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉለት። ራሱን ስቶ ቶሎ ካልነቃ 911 ደውሉ።

«እሺ» ብሏል፣ ግን ፊቱ እሺ አይልም

ያበሻ ልጅ ታላቁ ሲጠይቀው «እሺ» ይላል። ይሉኝታ ነው። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ፈገግ ካለ አልፈለገም ማለት ነው። በኋላ ቪዲዮው ትምህርት ቤት ሲዞር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ።

ለዚህ ነው ልጅ የማልለጥፈው። የሚለጠፈው ጋሼ ወይም እትዬ ነው፣ መሪው። ልጆቹ የሚሞቱለትም እሱን ነው! የሚያስቆመው ቃል «በቃ» ይሁን። አንዴ ከተባለ ቀልድ መስሏችሁ አታልፉት።

ቴፑ ግድግዳውን አልይዝ አለ፣ ወይም ቀለሙን ይዞ መጣ

አቧራ፣ እርጥበት ወይም ብርድ ነው። ጥርቡ ጡብም አይሆንም። ግድግዳውን ጠርጉ፣ አድርቁ፣ ቴፑን ሞቅ ባለ ክፍል አሳድሩት። ቀለም ግን ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ከኪራይ አዳራሽ ላይ የክንድ ርዝመት ቀለም ገሽልጠን መያዣችንን ተቀጥተናል። ማታውን አንድ ቁራጭ ጥግ ላይ ለጥፋችሁ ጠዋት ላጡት። ቀለም ካነሳ ወፍራም ኮምፔርሳቶ ከግድግዳው ምሰሶ ጋር በብሎን አስራችሁ እሱ ላይ ተጫወቱ። ዝም ብሎ የተደገፈ ኮምፔርሳቶ ግን ከነሰውየው ይመጣል።

ቆዳ ወይም ፀጉር ላይ ተጣበቀ

መጀመሪያውኑ በልብስ ላይ ብቻ ነው። ሆኖም የእጅ አንጓ ላይ ይነካል። «አንዴ ሳብ አድርገው ይለፍለት» የሚለውን አትስሙ፤ ቆዳ ይዞ ይመጣል። የቴፑ ሙጫ ጎማ ነው፣ ጎማ ደግሞ በቅባት ይለሰልሳል። ጠርዙ ላይ የምግብ ዘይት አድርጋችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ቴፑን ወደ ራሱ አጥፋችሁ፣ ቆዳውን በሌላ እጅ ተጭናችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ላጡ። ሹሩባ ላይ ከሆነ መቀስ አታንሡ። አንዷን ልጅ እናቷ በቅቤ አላቀቀቻት፤ ሌላው ዘይት ሲፈልግ እሷ ጨርሳ ነበር።

ከተላጠ በኋላ ቦታው ቢቀላ ይጠፋል። ካበጠ ወይም ሽፍታ ከወጣ የሙጫ አለርጂ ሊሆን ይችላል፤ በሳሙና ታጠቡት። ከንፈሩ ካበጠ ወይም ትንፋሹ ከተቆራረጠ ግን ሳሙናውን ተውትና ደውሉ። ላቴክስ (የሐኪም ጓንትና ፊኛ የሚሠራበት ጎማ) የማይስማማው ሰው ካለ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ግድግዳው ላይ የቀረው ሙጫም በዚያው ዘይት ይለቃል፣ ከዚያ በሳሙና ይጠረጋል። ሹራቡ ግን አይድንም። ሊጣል የነበረውን ልበሱ።