ባምብልቢዎቹ ሁሉ አንድ ሲመስሉ፦ ችግርና መፍትሄ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጓሮዎች አበባ ላይ የሚርመሰመሰው ጸጉራም ወፍራም ንብ ባምብልቢ ነው። አገር ቤት ያደገ ሰው ቢደናገርበት አይፈረድበትም፤ ከሰሃራ በታች ባምብልቢ በተፈጥሮው የለም። ንብ፣ ጣዝማና ተርብ የለመደ ዓይን እዚህ እንደ አዲስ ይማራል። ከታች ያለው ሁሉ ለምሥራቅ አሜሪካ ብቻ ነው የሚሠራው።

«ግዙፍ ነው፤ ግን የትኛውንም ሥዕል አይመስልም»

ምክንያት፦ ባምብልቢ ላይሆን ይችላል። እንጨት ቦርቡሮ የሚኖረው ትልቁ ንብ፣ ዚሎኮፓ ቨርጂኒካ፣ በመጠንም በቀለምም ይቀርበዋል። ዘመዶቹ ኢትዮጵያም አሉ።

መፍትሄ፦ ጀርባውን ትታችሁ ሆዱን እዩ። እንደተወለወለ ጫማ የሚያብለጨልጭና ጸጉር አልባ ከሆነ ቦርቧሪው ነው፤ የባምብልቢ ሆድ ጸጉር ለባሽ ነው። በረንዳ ላይ ፊት ለፊት እያንዣበበ የሚያስፈራራችሁ፣ ፊቱ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ያለው፣ ድንጉላው (ወንዱ) ነው። መንደፊያ ስለሌለው ፉከራው ባዶ ነው።

«ሦስቱን በምንም መለየት አልቻልኩም»

ሦስቱ ማለት ቦምበስ ኢምፓቲየንስ፣ ቦምበስ ቢማኩላተስና ቦምበስ ግሪዚዮኮሊስ የሚባሉት የባምብልቢ ዓይነቶች ናቸው፤ «ቦምበስ» የባምብልቢ ሳይንሳዊ ስም ነው። አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነው።

ምክንያት፦ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ደረት ላይ ባለው ቢጫ ነው፤ እሱ ደግሞ የሦስቱም ነው። ከወገብ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው የሆድ ቀለበትም እንደዚያው ቢጫ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከሁለተኛው ቀለበት ነው።

መፍትሄ፦ ከወገብ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ሁለተኛው ቀለበት ጥቁር ከሆነ ኢምፓቲየንስ ነው፤ በብዛት የምታገኙትም እሱን ነው። መሀሉ ላይ ብቻ ቢጫ ሆኖ፣ የቢጫው ጠርዝ ሁለት ጉብታ ከሠራና ጎንና ጎኑ ጥቁር ከሆነ ቢማኩላተስ ነው። ቡናማ ጨረቃ የመሰለ ቅስት ካለው ግሪዚዮኮሊስ ነው። ጸጉሩም ይናገራል፦ የግሪዚዮኮሊስ አጭርና እኩል የተከረከመ ነው፤ የቢማኩላተስ ረዘም ያለና የተንጨባረረ ነው።

ቡናማው ነገር ከኋላውና ከጎኑ በቢጫ ከተከበበ ግን ቆም በሉ። በ2017 በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር የገባው ቦምበስ አፊኒስ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ በሠራተኞቹና በድንጉላዎቹ ላይ እንጂ በአውራዋ ላይ አይታይም። እንዲህ ያለ ሲገጥማችሁ ቦታውንና ቀኑን ጽፋችሁ ፎቶውን ለባለሙያ አሳዩ።

«ሁለተኛው ቀለበት አይታየኝም»

ምክንያት፦ ክንፍ ይሸፍነዋል፤ ወይም ፎቶው ከጎን ብቻ ነው የተነሳው።

መፍትሄ፦ ማለዳ ብርድ ሳይለቅ ውጡ፤ ያን ጊዜ አበባ ላይ ተለጥፈው የሚያድሩ ድንጉላዎች ሳይቀሩ ፈዝዘው ይገኛሉ። ከላይ፣ ከጎንና ከፊት አንሱ። ቪዲዮ ቀርጾ የጠራውን ቅጽበት መምረጥ ከነጠላ ፎቶ ይሻላል።

«ያየሁት የደበዘዘ ነው፤ መላጣም ነው»

ምክንያት፦ ፀሐይ ቢጫውን ታነጣዋለች፤ በሥራ ብዛትም ጸጉሩ ይረግፋል።

መፍትሄ፦ ቀለሙን እርሱትና ወቅቱን ጠይቁ። ቢማኩላተስ በጸደይ ቀድሞ ወጥቶ ሰመር ሳያልቅ ይመናመናል። ኦክቶበር ላይ የምታዩት ኢምፓቲየንስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

«እግሩ ላይ ጽጌ ብናኝ የለም»

ምክንያት፦ ድንጉላ ይሆናል፤ ወይም የሌላ ባምብልቢን ቤት የሚወር ዓይነት ነው። ቦምበስ ሲትሪነስ የራሷ ሠራተኛ የላትም፤ የሌላውን ጎጆ ገብታ ልጆቿን በባለቤቶቹ ታስጠብቃለች።

መፍትሄ፦ የኋላ እግሩን አጉልታችሁ እዩ። ሰፋ ያለ፣ ለስላሳና ዙሪያውን ረጅም ጸጉር ያጠረው ከሆነ ለጊዜው ጽጌ ያልያዘች ሠራተኛ ወይም አውራ ናት። አንቴናውን መቁጠር ከቻላችሁ የድንጉላው 13 ክፍል፣ የሴቷ 12 ነው። የግሪዚዮኮሊስ ድንጉላ በግዙፍ ዓይኖቹ ያስታውቃል፤ ከፍ ካለ ቦታ ተቀምጦ ባለፈው ሁሉ ላይ ይወረወራል።

«ሁሉንም ሞከርኩ፤ አሁንም አልታወቀም»

መፍትሄ፦ «ባምብልቢ» ብቻ ብላችሁ መዝግቡ። በእንግሊዝ የቦምበስ ቴሬስትሪስንና የቦምበስ ሉኮረምን ሠራተኞች በዓይን በእርግጠኝነት መለየት ስለማይቻል ባለሙያዎቹም ሁለቱን አንድ ላይ ይመዘግባሉ፤ የግድ ከሆነ ወደ ዲኤንኤ ምርመራ ይሄዳሉ።