ፕላኔት በየትኛው ናክሻትራ (በህንድ ኮከብ ቆጠራ ሰማዩ ከሚከፈልባቸው 27 ክፍሎች አንዱ) እንዳለ ስታነቡ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

የህንድ ኮከብ ቆጠራ የሚማሩ ሀበሾች መጀመሪያ የሚሳሳቱት ትርጉሙ ላይ ሳይሆን ሰዓቱ ላይ ነው። እናታችሁ "ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተወለድክ" ካሉ የልደት ቻርት (የሰማዩን ካርታ) የሚያወጣው አፕ ላይ የሚገባው 8 ነው፣ ዝም ብላችሁ 2 ካላችሁ 6 ሰዓት ወደኋላ ሄዳችኋል። ጨረቃ በቀን 13 ዲግሪ ገደማ ስለምትሄድ በ6 ሰዓት ውስጥ የአንድ ፓዳ (የናክሻትራ ሩብ) ያህል ማለትም 3 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ገደማ ትርቃለች፣ ዳሻ (ፕላኔቶች ዕድሜያችሁን በየተራ የሚገዙበት ዘመን) የሚቆጠረው ደግሞ ከጨረቃ ናክሻትራ ስለሆነ ጨረቃችሁ ባራኒ የሚባለው ናክሻትራ ላይ ብትሆን የቬነስ 20 ዓመት ሩቡ፣ ማለትም 5 ዓመት ይዛባል!! ላግናውማ (ስትወለዱ በምሥራቅ እየወጣ የነበረው ራሺ፣ ራሺ ማለት እንደ ሐመል ያሉት 12ቱ ኮከቦች ናቸው) ጭራሽ ሦስት ራሺ ገደማ ይዘላል። "ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት" ከተባላችሁ ደግሞ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ምክንያቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ያ ማክሰኞ ነው። ዓመተ ምህረቱንም መቀየር እንዳትረሱ።

ሌላው የፈረንጁን ቻርት ዲግሪ ይዞ ናክሻትራ መፈለግ ነው። ሁለቱ አቆጣጠር በአሁኑ ጊዜ 24 ዲግሪ ገደማ ይለያያሉ። በፈረንጁ ጨረቃችሁ ሰውር 12 ዲግሪ ላይ ከሆነች ሮሂኒ ናት ትላላችሁ፣ በህንዱ ግን ሐመል 18 አካባቢ ናት፣ ባራኒ ማለት ነው። አፑ ሴቲንግ ላይ ላሂሪ የሚለውን (ይህ ልዩነት ከሚሰላባቸው መንገዶች አንዱን) ምረጡ፣ ህንድ ውስጥ በብዛት የሚሰራበት እሱ ነው።

ናክሻትራውን ከራሺው ነጥሎ ማንበብም አለ። ክሪቲካን ውሰዱ፣ ከሐመል 26 ዲግሪ ከ40 እስከ ሰውር 10 ድረስ ነው፣ ስለዚህ አንደኛው ፓዳ በማርስ ራሺ (ሐመል) ሲሆን ሌሎቹ ሦስቱ በቬነስ ራሺ (ሰውር) ናቸው። የክሪቲካ አምላክ አግኒ (እሳት)፣ ምልክቱ ምላጭ ስለሆነ ብዙ ሰው "ጨረቃው ክሪቲካ ነው፣ ምላሱ ስለታም ነው" ብሎ ይዘጋዋል፣ ግን እኮ ጨረቃ ከፍ የምትልበት (በጣም የምትጠነክርበት) ነጥብ ሰውር 3 ዲግሪ እዛው ክሪቲካ ውስጥ ነው ያለው! አንደኛ ፓዳ ላይ ያለውና ሁለተኛ ላይ ያለው ሰው በጭራሽ አንድ አይነት አይነበቡም። የናክሻትራው ጌታ ፀሐይ ስለሆነም ፀሐይ በዚያ ቻርት በየትኛው ቤት (ቻርቱ ከሚከፈልባቸው 12 የሕይወት ዘርፎች) እንደተቀመጠ ሳታዩ አትፍረዱ። ጌታውን ከአምላኩ ጋር የሚያምታቱም አሉ፣ ሮሂኒን ብትወስዱ ጌታዋ ጨረቃ፣ አምላኳ ፕራጃፓቲ፣ የራሺው ባለቤት ቬነስ ነው፣ ሦስቱም ለየብቻ ነው የሚታዩት።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ግን ሰው ማስፈራራት ነው። ሙላ የሚባለው ናክሻትራ ስሙ ሥር ማለት ነው፣ አምላኳ ኒርሪቲ የጥፋት አምላክ ስለሆነች ህንድ ውስጥ ሙላ ላይ የተወለደች ልጅ ለአማቷ አትበጅም እየተባለ ስንቷ ትዳሯ ተበላሽቷል። ሥር ነቅሎ ማየት እኮ የመርማሪ፣ የሐኪም፣ የተመራማሪ ባህሪም ነው። እዛም ቢሆን ወግ አለው፣ ህፃኑ ከተወለደ በኋላ ጨረቃ ወደዛው ናክሻትራ ስትመለስ፣ 27ኛው ቀን አካባቢ፣ የማረጋጊያ ፑጃ (የጸሎት ሥርዓት) ይደረግለታል እንጂ ተረግመሃል ተብሎ አይተውም። እባካችሁ እርጉዝ ሴት ወይም አራስ ስታማክሩ አፋችሁን ጠብቁ።

በመጨረሻ ሳተርን። አንድ ራሺ ላይ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ስለሚቆይ አንድ ናክሻትራ ላይ ከዓመት በላይ ይቀመጣል፣ ስለዚህ "ሳተርኔ አኑራዳ ላይ ስለሆነ ነው እንዲህ የሆንኩት" የሚለው አብረዋችሁ የተማሩትን ግማሽ ክፍል ይጨምራል። እሱን የራሳችሁ የሚያደርገው የተቀመጠበት ቤትና ፓዳው ነው።