ከመሬት አልነሣም ያለ ኳስ፦ የፌርዌይ ዉድ ምርጫ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ይህ ጽሑፍ ጎልፍን ከዜሮ ለሚጀምር ሰው የተዘጋጀ አይደለም። ኳሱ ከፊት እግር ተረከዝ በሁለት ኳስ ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መቀመጥ እንዳለበት፣ የተላጠ ግሪፕ (የዱላው መያዣ) መለወጥ እንዳለበት፣ በፌርዌይ ዉድ (ከሣር ላይ ኳስን ሩቅ ለመምታት በተሠራው ረጅም ዱላ) ሲመታም እንደ ድራይቨር (ከሁሉ ረጅሙ የመነሻ ምት ዱላ) ኳሱን ከሥር ወደ ላይ መዛቅ እንደማያስፈልግ አንባቢው ያውቃል ብዬ እነሣለሁ። ዋሽንግተን አካባቢ በአንዲት ጠባብ የዱላ መጠገኛ ክፍል ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ሰዎች «ተበላሸብኝ» ብለው ያመጡልኝ ፌርዌይ ዉድ አብዛኛው አንዳችም ብልሽት አልነበረበትም፤ ስህተቱ የተሠራው ገና ሲገዛ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የየምልክቱን መንስኤ ስናገር፣ አዲስ ዱላ ሊገዛ የተነሣ ሰው ምን መምረጥ እንዳለበትም አብሬ እናገራለሁ።

ምልክት፦ ከቲ ላይ ያምራል፣ ከሣር ላይ ግን አይነሣም

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመኝ ይህ ነው። ባለቤቱ ኳሱን ቲ በምትባለው ትንሽ መቆሚያ ላይ ሰቅሎ ሲመታ ዱላው ደህና ነው፤ ሣር ላይ ሲያስቀምጠው ግን ኳሱ ወይ አናቱን ተመትቶ መሬት ለመሬት ይንከባለላል፣ ወይ ጉልበት ያህል ከፍ ብሎ ወዲያው ይወድቃል። ተጫዋቹ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። አንገቴን ቶሎ አቀናሁ፣ ቸኮልኩ ይላል፤ ቀጥሎም ኳሱን ለማንሣት ወደ ኋላ መንጋደድ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ዱላው ኳሱ ጋ ሳይደርስ መሬት ይመታል፣ አንድ የነበረው ችግርም ሁለት ይሆናል።

መንስኤው ብዙ ጊዜ ሦስት ነገሮች ባንድ ዱላ ላይ መገናኘታቸው ነው፤ ዝቅተኛ ሎፍት (የዱላው ፊት ወደ ኋላ የሚጋደምበት ማዕዘን)፣ ረጅም ሻፍት (የዱላው ዘንግ) እና ከሁለቱ ጋር የማይመጣጠን የምት ፍጥነት። መደበኛው 3 ዉድ (የፌርዌይ ዉድ ቁጥር በጨመረ መጠን ሎፍቱም ይጨምራል) ሎፍቱ 15 ዲግሪ፣ ርዝመቱ 43 ኢንች ገደማ ነው፤ «ስትሮንግ» የሚባለው ደግሞ እስከ 13.5 ዲግሪ ይወርዳል። በአሜሪካው ትልቅ የባለሙያዎች ውድድር፣ በፒጂኤ ቱር የሚጫወቱ ሰዎች ይህን ዱላ የሚያወዛውዙት በአማካይ በሰዓት ከ107 እስከ 110 ማይል ገደማ ሲሆን፣ ኳሱንም ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ያህል ወደ ታች እየወረዱ ነው የሚመቱት። የእነርሱም ኳስ ከመሬት የሚነሣው በ9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ አየር ላይ ከፍ አድርጎ የሚያቆየው ፍጥነቱና ወደ ኋላ የመሽከርከሩ ኃይል ነው። በድራይቨሩ 85 ማይል የሚመታ ሰው ያንኑ ዱላ ሲይዝ ዝቅተኛው አነሣስ ይደርሰዋል፣ ከፍ የሚያደርገው ኃይል ግን አይደርሰውም። ይህ ሰው ምንም ያህል ቢሠለጥን ዱላው የሚጠይቀውን ፍጥነት በልምምድ ብዛት አያመጣውም።

አራተኛ ነገርም አለ፣ ሻጮች የማያነሡት። የጎልፍ ኳስ ዲያሜትር ከ42.67 ሚሊሜትር ማነስ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ጠፍጣፋ መሬት ላይ የተቀመጠ ኳስ መካከሉ ከመሬት በላይ 21 ሚሊሜትር ያህል ነው። ራሱ ትልቅ፣ ፊቱም ቁመታም የሆነ ፌርዌይ ዉድ የክብደት ማዕከሉ ከፍ ስለሚል ኳሱ ከዚያ በታች፣ በፊቱ የታችኛው ጠርዝ በኩል ይመታል። እዚያ የተመታ ኳስ ዝቅ ብሎ ይነሣል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ቁመታም ፊት ያለው ዱላ ሱቅ ውስጥ ሲያዩት ልብ ያሞቃል፤ ከቲ ላይ ብቻ ለሚመታበት ሰው ይሆናል፣ ከሣር ላይ ለሚመታ ግን ፊቱ አጠር፣ ራሱ ዝርግ ያለ ዱላ ነው የሚሻለው።

አንድ ቀን ዕድሜያቸውን በታክሲ ሥራ አሳልፈው ጡረታ የወጡ አባት፣ ልጃቸው ለልደታቸው የገዛላቸውን 3 ዉድ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ውስጡ የተሰበረ ነገር ሳይኖር አይቀርም፤ እስኪ እየው» አሉኝ። ገልብጬ ሳየው ሎፍቱ 13.5 ዲግሪ፣ ሻፍቱም «ኤክስ» የተጻፈበት፣ ከሁሉ ጠንካራ የሆነው ዓይነት ነበር። «ጋሼ፣ የተሰበረ ነገር የለውም፤ ግን የእርስዎ ዱላ አይደለም» ስላቸው ቅር አላቸው፤ ልጅ ገንዘብ ያወጣበት ነገር ነውና አልፈርድባቸውም። ወደ መለማመጃው ሜዳ ወርደን የድራይቨር ፍጥነታቸውን ስለካው 82 ማይል ሆነ። በራሳቸው ዱላ ከሣር ላይ አሥር ኳስ መትተው አየር የያዙላቸው ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ሻፍቱ ለስለስ ያለ የ21 ዲግሪ 7 ዉድ ሰጠኋቸው፤ ስምንቱ ተነሡ፣ ከስምንቱም አብዛኞቹ የ3 ዉዳቸው ምርጥ ኳስ ካረፈበት አልፈው አረፉ። ጋሼ ዱላውን አገላብጠው አዩና፣ «ሰባት? ይህ የሴቶች አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥርም። አሜሪካዊው ጎልፈኛ ደስቲን ጆንሰን በ2020 ማስተርስ የተባለውን ታላቅ ውድድር ሲያሸንፍ ከረጢቱ ውስጥ 7 ዉድ ነበረው፤ እርሱ ደግሞ በዘመኑ ኳስን ሩቅ በመምታት ከሚታወቁት አንዱ ነው። በፌርዌይ ዉድ ከተመቱ ኳሶች ሁሉ ስሙ የገነነው፣ ጂን ሳራዘን በ1935 በማስተርስ ሜዳ በኦገስታ 15ኛው ጉድጓድ ላይ ከ235 ያርድ ውኃ አሻግሮ ያስገባው አልባትሮስ (ለጉድጓዱ ከተመደበው በሦስት ምት ያነሰ ውጤት)፣ የተመታው በ4 ዉድ ነው። ኳሱ የተቀመጠበት ሣር ምቹ ስላልነበረ ሳራዘን 3 ዉዱን ትቶ ከፍ የሚያደርግለትን ዱላ መረጠ። በዱላ ቁጥር መኩራራት የሚፈልግ ሰው ከእርሱ ጋር ይከራከር።

መፍትሄው እንግዲህ ሎፍት መጨመርና ርዝመት መቀነስ ነው። በጠረጴዛዬ ላይ የምመራበት ልክ ይህ ነው፦ በድራይቨር ከ85 ማይል በታች የሚመታ ሰው 3 ዉድን ጨርሶ ይተወውና ከ18 ወይም 19 ዲግሪው 5 ዉድ፣ አለዚያም ከ21 ወይም 22 ዲግሪው 7 ዉድ ይጀምር፤ ከ85 እስከ 95 ማይል የሚመታ 16.5 ወይም 17 ዲግሪውን 4 ዉድ ከ5 ዉድ ጋር አስተያይቶ ይምረጥ፤ ከዚያ በላይ የሆነ ሰው 3 ዉድን ይሞክር፣ የሚሞክረው ግን ከሣር ላይ ይሁን። ከ3 ወደ 5፣ ከ5 ወደ 7 ሲኬድ ሻፍቱ በየደረጃው በግማሽ ኢንች ገደማ ያጥራል፣ ይህም ኳሱን በፊቱ መካከል የማግኘት ዕድልን ይጨምራል። በቁጥሩ ብቻ ግን አይታመኑ፤ የትኛው ቁጥር ስንት ዲግሪ እንደሚሆን የሚወስን ሕግ የለም፣ የአንዱ ፋብሪካ 4 ዉድ የሌላው «ከፍ ያለ» 3 ዉድ ሊሆን ይችላል፤ ዱላው ላይ የታተመው ዲግሪም ከትክክለኛው በአንድ ዲግሪ ያህል ሊዛነፍ ስለሚችል ከመግዛትዎ በፊት ያስለኩት።

እዚህ ላይ ደጋግሜ የማስጠነቅቀው ነገር አለ። በምንጣፍ ላይ ሞክረው አይግዙ! ምንጣፍ ከኳሱ ኋላ ያረፈን ዱላ አንሸራትቶ ወደ ኳሱ ያደርሰዋል፣ ሣርና አፈር ግን ይይዙታል። አንድ ወጣት በቤት ውስጥ የማስመሰያ ማሽን ላይ 3 ዉዱን 230 ያርድ እየመታ፣ የማሽኑን ስክሪን ፎቶ አንሥቶ ሊያሳየኝ መጣ፤ ሜዳ ላይ ሲወጣ ግን ከኳሱ ይልቅ የሚበርረው አፈሩ ነበር። በሱቅ ምንጣፍ ላይ የተደረገውን ምርጫ በሣር ላይ ሦስት ቀን ሞክሮ መልሶ ሸጠው፣ ከከፈለበትም ግማሹን አጣ። ስለዚህ ሁለቱን ዱላዎች ከሣር ላይ አሥር አሥር ጊዜ ምቱ፤ ከየአሥሩ የተሻሉትን ሁለት ኳሶች አውጥታችሁ ጣሉና የቀሩት ስምንት ያረፉበትን ቦታ አስተያዩ። ከሜዳው ጫፍ የደረሰችው አንዲት ኳስ ስንቱን አታልላ ገንዘቡን አስወጥታዋለች።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ስለሚስተካከለው አንገት፣ ራሱና ሻፍቱ ስለሚጋጠሙበት ቦታ ነው። የዛሬዎቹ ዱላዎች ብዙዎቹ ሎፍታቸው በአንገታቸው በኩል እስከ 1.5 ወይም 2 ዲግሪ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሰዎችም «15 ዲግሪውን ገዝቼ 17 አደርገዋለሁ» ይላሉ። ይህ 3 ዉድን 5 ዉድ አያደርገውም፤ ርዝመቱ ያው 43 ኢንች ነው። በዚያ ላይ ሎፍቱ ሲጨምር ዱላው መሬት ላይ ሲቀመጥ ፊቱ በትንሹ ወደ ግራ ይዘጋል፤ ኳሱ አስቀድሞም ወደ ግራ የሚሄድበት ቀኝ እጅ ተጫዋች ጭራሽ ሜዳውን ያጣዋል። ብሎኑን ሲፈቱና ሲያስሩ ከዱላው ጋር የመጣውን ቁልፍ ብቻ ይጠቀሙ፣ ቀጭ ሲልም ያቁሙ። በፒንሳ የታሰረ፣ ጥርሱ የተበላ ብሎን ይዞ የሚመጣ ሰው ፊቴ ላይ ፈገግታ አይጠብቅ። በጨዋታ መካከል ደግሞ ማስተካከያውን ለውጦ በዚያ ዱላ መምታት ሕጉ አይፈቅድም።

ሻፍት ቆርጦ ማሳጠርም ይቻላል፣ በጥንቃቄ ከሆነ። ግማሽ ኢንች ሲቆረጥ ራሱ እጅ ላይ ቀልሎ ስለሚሰማ ስድስት ግራም ያህል የእርሳስ ቴፕ ከሥሩ መለጠፍ ያስፈልጋል፤ ሻፍቱም ትንሽ ይጠነክራል። በብረት መጋዝ የተቆረጠ ግራፋይት ጫፉ ስለሚሰነጠቅ ቤት ውስጥ አትሞክሩት።

ምልክት፦ ኳሱ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ፣ ወይም ሁልጊዜ ወደ ግራ ይታጠፋል

ለቀኝ እጅ ተጫዋች ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ኳስ በፌርዌይ ዉድ ብቻ ከታየና አይረኖቹ (ራሳቸው ስስ የሆኑት የብረት ዱላዎች) ደህና ከሆኑ፣ አስቀድሜ የምጠረጥረው የሻፍቱን ርዝመት፣ ቀጥሎም ጥንካሬውን ነው። ወደ ግራ የሚታጠፍ ከሆነ ዱላው ክብደቱ ወደ ተረከዙ የተደረገ፣ ስላይስ (ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ኳስ) ለሚመቱ ሰዎች የተሠራ ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሻጭ «ይቅር ባይ ነው» ሲል ብዙ ጊዜ ይህን ማለቱ ነው።

ምልክት፦ ሁለት ዱላዎች አንድ ርቀት ይሄዳሉ

ከረጢት ከ14 ዱላ በላይ አይፈቀድም፤ ስለዚህ አንድ ርቀት የሚሄዱ ሁለት ዱላዎች አንዱን ቦታ በከንቱ ይይዛሉ። መነሻችሁ ረጅሙ አይረናችሁ ወይም ሃይብሪዳችሁ (በአይረንና በዉድ መካከል ያለው ዱላ) የሚያርፍበት ርቀት ይሁንና ከእርሱ ከ15 እስከ 20 ያርድ የሚያልፈውን ፌርዌይ ዉድ ፈልጉ። 7 ዉድና ሃይብሪድ ሲጋጩ ዝቅ ካለ ሣር ላይ ከፍ ብሎ ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር) ላይ በለስላሳው እንዲያርፍ የሚፈልግ 7 ዉዱን፣ ብዙውን ጊዜ ረጅም ሣር ውስጥ የሚገኝ ሃይብሪዱን ይያዝ።

ምልክት፦ እዚህ የተመረጠው ዱላ አዲስ አበባ ላይ ሌላ ሆነ

ዋሽንግተን ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም፣ አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ኳሱን የሚጎትተው ኃይል ስለሚቀንስ ርቀቱ ወደ አሥር ከመቶ በሚጠጋ ይጨምራል፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። ስስ አየር ኳሱን የሚያነሣውንም ኃይል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ኳሱ ዝቅ ብሎ ይበርራል፣ ሲያርፍም ይሮጣል፣ በበጋ የደረቀ መሬት ላይማ አይቆምም። ለወንድሙ ወይም ለአባቱ ወደ አገር ቤት ዱላ የሚልክ ሰው «እዚያ ኳስ ይሄዳል» ብሎ ሎፍት መቀነስ የለበትም፤ ግሪን ላይ እንዲቆም ከተፈለገ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ሎፍት ይምረጥ።

ምልክት፦ ዋጋው ግማሽ፣ ድምፁ ባዶ ጣሳ

የሐሰት ዱላ ነው። በእኛ ቋንቋ «ፎርጅድ» ያልነው ነገር በጎልፍ ዓለም በመዶሻ ተቀጥቅጦ ለተሠራ ጥሩ አይረን የሚሰጥ ምስጋና መሆኑ ያሳስቀኛል፤ ፌርዌይ ዉድ ላይ ግን የእኛው ትርጉም ነው የሚሠራው። ቀለሙ ከጠርዙ የፈሰሰ፣ መለያ ቁጥሩ በጥፍር የሚላጥ፣ የአንገቱ መገጣጠሚያ ትክክለኛውን ሻፍት የማይቀበል ከሆነ አይጠግኑት፣ ለማንም አይስጡት። እንዲህ ያለ ዱላ ራሱ በምት መካከል ሲነቀል በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰው ያልመታው በዕድል ነው።

ወደ ማብቂያው ስንቀርብ ጥቂት የማይዘወተሩ ነገሮች ይቀራሉ። ሲነቀነቅ ራሱ ውስጥ የሚንኳኳ ከሆነ የተላቀቀ የሙጫ ቁራጭ ነው። አናቱ ላይ ነጭ ጭረት ከታየ ቲው ከፍ ብሏል፤ ለፌርዌይ ዉድ ከሣሩ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ማለት ይበቃዋል። የሻፍቱ ቀለም የከረጢቱን አፍ በሚነካበት ቦታ ተልጦ ጭረቱ በጥፍር ከተሰማ ሳይሰበር ይለወጥ። በዋሽንግተን የሐምሌ ሙቀት የመኪና ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ የተረሳ ዱላ ራሱን የያዘው ሙጫ ሊላላ ይችላል፤ በአውሮፕላን የሚላክም ከረጢቱ ውስጥ ከዱላዎቹ ሁሉ የሚረዝም ጠንካራ ዘንግ ካልገባበት፣ ራሶቹ ተቆርጠው በሌላ ሻንጣ እንደመጡ ሆነው ይደርሳሉ።