ዋርካ፣ ሾላ፣ ባንባና ጭብሃን እንዴት መለየት ይቻላል? (ለባህር ዳርና ለጣና ዳር ሰው)

ጣና ዳር ግዙፍ ዛፍ ያየ ሁሉ "ዋርካ ነው" ብሎ ያልፋል፣ ግን ዘመዳሞቹ ብዙ ናቸው፦ ዋርካ (በሳይንስ ስሙ ፊከስ ቫስታ)፣ ሾላ (ፊከስ ሱር)፣ ባንባ (ፊከስ ሲኮሞረስ)፣ ጭብሃ (ፊከስ ቶኒንጊ)። ግዝፈቱን ተዉትና ፍሬው የት ጋ እንደወጣ እዩ፣ ዋናው መለያ እሱ ነው።

1. መጀመሪያ ቤተሰቡን አረጋግጡ። ቅጠሉን ስትቀነጥሱት ነጭ ወተት ይወጣል፣ አይን ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ቁልቋልም ወተት ስላለው ይሄ ብቻውን አይበቃም፣ ለጋው ቅርንጫፍ ላይ ቅጠል በወጣበት ቦታ ዙሪያውን የዞረ ቀለበት የመሰለ መስመር ካለ ግን በቃ ከነሱ ነው።

2. ፍሬውን ፈልጉ። ግንዱና ወፋፍራም ቅርንጫፎቹ ላይ ተንዠርግጎ ካያችሁት ሾላ ወይ ባንባ ነው፣ ከቅጠሎቹ ስር ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋርካ ወይ ጭብሃ።

እግረ መንገዳችሁን አንድ የበሰለ ሾላ ለሁለት ክፈሉና ውስጡን በደንብ እዩት፣ እነዛ ጥቃቅን ነገሮች አበቦቹ ናቸው፣ ለዛ ነው ሾላ ሲያብብ አይተን የማናውቀው። ጫፉ ላይ ባለችው ቀዳዳ ገብታ የምታራባቸው ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ ናት፣ ዋርካ የራሱ ተርብ አለው ሾላም የራሱ፣ ስለዚህ እባካችሁ ዛፉ ላይ ፀረ ተባይ አትርጩ፣ ተርቧ ካለቀች ዘር የለም።

3. ሾላና ባንባን በቅርፊት ለዩ (አንዳንድ ቦታ ሁለቱንም ሾላ ነው የሚሏቸው)። ባንባ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ቅርፊቱ እንደ ስስ ወረቀት ይላጣል፣ ቅጠሉ ክብ ያለና ሲዳብሱት ሻካራ ነው። ሾላ ግራጫ ነው፣ ቅጠሉ ረዘም ይላል፣ ዳር ዳሩ ብዙ ጊዜ ጥርስ አለው። ሁለቱም ውሃ ይወዳሉ፣ ወንዝ ዳር ፈልጓቸው።

4. ዋርካና ጭብሃን በቅጠል። የዋርካ ከመዳፍ የሚሰፋ ሻካራ ቅጠል ነው፣ ቤተክርስቲያን ግቢና የድሮ ገበያ ቦታ ላይ የምታዩት ያ ጥላው ሰፊው እሱ ነው። የጭብሃ ቅጠል አነስ ያለ፣ ልሙጥና የሚያብረቀርቅ ሲሆን ፍሬውም ትንንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ ስሩን ወደታች እየለቀቀ ይጠመጠምበታል።

5. መትከል ከፈለጋችሁ ጭብሃ ቀላል ነው፣ ክረምት ሲገባ ቅርንጫፉን ቆርጦ መትከል ነው። ዋርካን ግን ከቤትና ከውሃ ቧንቧ በጣም አርቃችሁ ትከሉት፣ ስሩ ግድግዳ ይሰነጥቃል።